ከክርስትና በፊት ያሉት ቀኖች
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል፤ ስለ አራስና ስለ ጨቅላ ሕፃን አጠባበቅ ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በኢዮቤልዩ በዓል የደብር ታሪክ ሲነገር መጀመሪያ የሚነሣው የሕንፃው ነገር ነው። መሠረቱ መቼ እንደ ተጣለ፣ ጉልላቱን ማን እንዳሠራው፣ ደወሉም ከወዴት እንደ መጣ ይተረካል፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ደብር ማለት ድንጋይና እንጨት ብቻ አይደለም። በየዓመቱ በ40 እና በ80 ቀናቸው ታቅፈው መጥተው ከውኃና ከመንፈስ የሚወለዱት ሕፃናት የደብሩ ሕያዋን ድንጋዮች ናቸው፤ ስማቸውም በክርስትናው መዝገብ ላይ በየተራው ተጽፎ ይገኛል።

ይህን መዝገብ የሚገልጥ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። መዝገቡ የሚጽፈው እስከ ጥምቀቱ የደረሱትን ነው። ተወልደው ዕልልታ የተደረገላቸው፣ ገንፎ የተበላላቸው፣ ነገር ግን ቀኑ ሳይሞላላቸው ያለፉት ሕፃናት በዚያ የሉም። የእነርሱ መዝገብ የእናቶቻቸው ልብ ብቻ ነው።

ቍጥራቸውም ጥቂት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱት 1,000 ሕፃናት 49 ያህሉ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደ ነበረ ታውቋል፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገውም ጥናት 33 ሆነው ተገኝተዋል። መቀነሱ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ሆኖም ከ1,000 ቤት በ33ቱ ልቅሶ መግባቱ የሚያስተክዝ ነው። በወሩ ውስጥ ከሚሞቱትም ሕፃናት ከአራት ሦስቱ ያህል የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ሆነ ሊቃውንተ ሕክምና ያስረዳሉ። እንግዲህ ከልደት እስከ ክርስትና ያለው ጊዜ ከሰው ዕድሜ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የ40 እና የ80 ቀን ሥርዓት ምንድር ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋንም በ80 ቀኗ ወደ ገነት እንደ ገቡ ይነገራል። በኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 12፣ ወንድ ለወለደች ሴት 7 እና 33 ቀን፣ ሴት ለወለደች ደግሞ 14 እና 66 ቀን ተወስኖላታል። ቅኔ የተማሩ ሰዎች ሰሙን ይዘው ወርቁን መፈለግ ልማዳቸው ነውና፣ በዚህም ሥርዓት ሰሙ «ወደ ቤተ መቅደስ አትግባ» የሚለው ነው፤ ወርቁ ግን «ትረፍ፤ ሕፃኑንም ትጠብቅ» የሚለው ነው። የወለደች ሴት ወደ ወፍጮና ወደ ውኃ ጕድጓድ ቶሎ እንዳትመለስ፣ የሥጋዋ ቍስል እስኪጠግግ፣ ወተቷም እስኪረጋ ድረስ፣ ሥርዓቱ አጥር ሆኖ ቆመላት። ነቢዩ ሳሙኤልን የወለደችው ሐናም ልጇን ጡት እስክታስጥለው ድረስ ወደ ቤተ እግዚአብሔር ከመውጣት በቤቷ ቀረች፤ ይህም መቅረቷ አላስነቀፋትም።

ነገር ግን ሰሙን ብቻ ይዘው ወርቁን የጣሉ ብዙ ናቸው። ይህ ሥርዓት አራስንና ሕፃንን ከቤተ መቅደስ ያዘገያቸዋል እንጂ ከሐኪም አይከለክላቸውም። ሆኖም በብዙ ቤት «ልጁ ሳይጠመቅ ከደጅ አይወጣም» በማለት የታመመ ሕፃን በእልፍኝ ተሸሽጎ ይውላል።

ለምሳሌ የሚሆን አንድ ነገር ይነገር። በአንድ ቤት የመጀመሪያ ልጅ ተወለደ። በአምስተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት መሳብ ተወ፤ ሰውነቱም ጋለ፤ ድምፁም ደከመ። አባቱ ወደ ሐኪም ሊወስደው ብርድ ልብስ ሲያነሣ፣ አያቲቱ በበሩ ላይ ቆማ ከለከለችው። ይህች ሴት ክፉ ሆና አይደለም፤ በወጣትነቷ ሁለት ልጆች ክርስትና ሳይነሡ የቀበረች ናትና፣ በውጭ ያለውን ዓይንና ነፋስ ከሁሉ ይልቅ ትፈራ ነበር። አባትየው ምላሽ ቢያጣ የንስሐ አባታቸውን ጠርቶ መጣ። አያቲቱም «አባቴ፤ ሳይጠመቅ በዚህ ውርጭ ይውጣ ይላሉ፤ እርስዎ ይገሥጹልኝ» አለች። ካህኑም ሕፃኑን አይተው «ልጄ፤ ሥርዓቱ የተሠራው ልጁ እንዲኖር ነው። አንቺም አብረሽ ሂጂ፤ በደረትሽ አሙቀሽ ያዢው» አሏት። ያን ጊዜ ነጠላዋን አጣፍታ ራሷ ታቅፋው ወጣች። በሆስፒታሉም ተሐዋስያን በደሙ ገብተው እንደ ነበረ ታወቀ፤ ብዙ ቀን መርፌ ተወግቶ ዳነ። በ40 ቀኑም ለክርስትና ሲመጣ ታቅፋው የመጣችው ያችው አያት ነበረች። ሁለቱ ልጆቿ ግን ይህን የሚነግራት ሰው ባላገኘችበት ዘመን አለፉ። እንዲህ ያለው ነገር በሌላ ቤት እንዳይደገም፣ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡት ነገሮች በየተራ ይነገራሉ።

መጀመሪያው ሙቀት ነው። ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ ርጥብ ነውና ቶሎ ይበርደዋል። ስለዚህ እንደ ተወለደ በንጹሕና በደረቅ ጨርቅ ይደርቅ፤ ራሱም በቆብ ይሸፈን፤ ራቁቱንም በእናቱ ደረት ላይ ሆኖ ከላይ ይልበስ። የእናት ገላ ከማናቸውም ምድጃ ይበልጣል። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን እንኳ በዚህ መንገድ ቀንና ሌሊት በእናቱ ደረት ታቅፎ ብዙ ጊዜ ይድናል። ገላውንም ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቈይ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ኢየሩሳሌምን በተጣለች ሕፃን ሲመስላት እትብቷ እንዳልተቈረጠ፣ በውኃ እንዳልታጠበች፣ በጨው እንዳልታሸች፣ በጨርቅም እንዳልተጠቀለለች ተናግሯል። ይህ የዚያ ዘመን የአራስ ቤት ልማድ ምን እንደ ነበረ ያሳያል። ከዚህ ውስጥ የእትብቱ መቈረጥና የጨርቁ ሙቀት ዛሬም ጸንቶ ይኖራል፤ ውኃው ግን ጥቂት ይዘገያል፤ ጨውም ለሕፃን ቆዳ አይስማማም።

ሁለተኛው ወተት ነው። ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት፣ እንገር የሚባለው፣ ቆሻሻ መስሏቸው አልበው የሚደፉት አሉ፤ ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። መጠኑ ጥቂት ቢሆንም የሕፃኑን ሰውነት ከበሽታ የሚከላከል ኀይል በውስጡ አለ፤ የመጀመሪያው ክትባቱ ነው ቢባል ያስኬዳል። የአዲስ ሕፃን ሆድ በጣም ትንሽ ስለ ሆነ ያ ጥቂቱ ይበቃዋል። ስለዚህ ቅቤ ማስላስ፣ የስኳር ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ ማጠጣት፣ ጤና አዳም ጨምቆ መስጠት አይገባም። እነዚህ የሕፃኑን ሆድ ይሞሉታል፤ ተሐዋስያንም ያስገቡበታል፤ ጡት የሚስብበትንም ፍላጎት ይቀንሱበታል። ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ሐኪም ካላዘዘለት በቀር ከእናቱ ጡት ሌላ ምንም፣ ውኃም ቢሆን፣ አያሻውም። ቆላ ያለች እናት «ይጠማዋል» ብላ ትጨነቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ወተቷ የሚበዛው ውኃ ነውና ደጋግማ ታጥባው።

በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የጤነኛ ሕፃን ልማድ ነው። ሲጠባም የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ጥቍር ክፍል ብዙውን በሰፊው አፉ ይያዝ። ጫፉን ብቻ ቢይዝ እናቲቱ ትቈስላለች፤ እርሱም አይጠግብም። ሕመም የበዛባት እናት የአያያዙን ነገር አዋላጅ ታሳያት እንጂ ጡት ለመከልከል አትቸኵል። «ወተቴ በቅቶት ይሆን?» ለምትል እናት ደግሞ መልሱ በጨርቁ ላይ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚወጣው ጥቍርና የሚያጣብቅ ዓይነ ምድር ወደ ቢጫ ከተለወጠ፣ ከአምስተኛውም ቀን በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ በቅቶታል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱ በጥቂቱ ቢቀንስ አያስደንግጥ፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል። ካልተመለሰ ግን ለሐኪም ይታይ።

ሦስተኛው እትብት ነው። እትብት በንጹሕ ምላጭ ተቈርጦ በንጹሕ ክር ከታሰረ በኋላ የሚሻው ነገር ቢኖር ደርቆ መቈየት ነው። ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት ማድረግ ለበሽታ በር መክፈት ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ክፉ ደዌ ወደ ጨቅላ ሕፃን የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ነው። የጤና ሠራተኛ የሰጠችው መድኀኒት ካለ እርሱ ብቻ ይቀባ። እትብቱ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ ማንም አይጐትተው።

ከዚህ ጋር የሚነገረው የእንጥል መቍረጥና የወተት ጥርስ መንቀል ነገር ነው። ሕፃን ባሳለው ወይም ባስመለሰው ጊዜ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለው ምላጭ ለያዘ ሰው የሚሰጡት ወላጆች አሉ። ከዚህም ብዙ ደም መፍሰስና መመረዝ ይመጣል፤ ጥቅም ግን የለውም። እግዚአብሔር በሕፃን ጕሮሮ ውስጥ የፈጠረው እንጥል ትርፍ ሆኖ አልተፈጠረም።

አራተኛው እንቅልፍ ነው። በነገሥት መጽሐፍ በንጉሥ ሰሎሞን ፊት ለፍርድ የቆሙትን ሁለት ሴቶች የማያስታውስ የለም። ሰው ሁሉ የንጉሡን ጥበብ ያደንቃል፤ ነገር ግን ክርክሩ የተነሣበትን ምክንያት ልብ የሚል ጥቂት ነው። ያ አንዱ ሕፃን የሞተው እናቱ ሌሊት ተኝታ ሳለ ስለ ተጫነችው ነበር። እንግዲህ ሕፃን ከእናቱ ሳይርቅ በአጠገቧ፣ ነገር ግን በራሱ ጠፍጣፋ መኝታ ላይ በጀርባው ይተኛ፤ ትራስና ወፍራም ልብስ በፊቱ አጠገብ አይኑር፤ ፊቱም አይሸፈን። በደከማት ጊዜ እያጠባች እንቅልፍ እንዳይወስዳት ሌላ ሰው ይንቃላት።

በአራስ ቤት የሚነድ ከሰልም እንደዚሁ ነው። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፍም ማሳደር ሽታ የሌለው መርዝ ማሳደር ነው፤ እናትንም ልጅንም በአንድ ሌሊት ይገድላል። ዕጣንም በቤተ መቅደስ ክብር አለው፤ በጠባብ እልፍኝ ግን ከቡና ጢስ ጋር ተቀላቅሎ ለጨቅላ ደረት ከባድ ሸክም ነው። ቡናው በውጭ ይፈላ፤ ለጸሎትም የካህኑ ቃል ይበቃል።

አምስተኛው ልቅሶ ነው። ሕፃን የሚያለቅሰው ርቦት፣ በርዶት፣ ርሶ ወይም መታቀፍ ፈልጎ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ምክንያቱ አይታወቅም። ልቅሶው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየበዛ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ ከዚያም ይቀንሳል። ይህን ያላወቁ ወላጆች ልጃቸው የተረገመ ይመስላቸዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይጣላሉ። በንዴት ሕፃንን መነቅነቅ ግን አንጎሉን የሚጐዳ ነገር ነውና ፈጽሞ አይደረግ። ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው ሕፃኑን በመኝታው አስተኝቶ ጥቂት ወጣ ብሎ ይተንፍስ፤ ጎረቤትም ይጥራ። እርዳኝ ማለት ነውር አይደለም።

በዚህ ቦታ ለአባቶች የሚነገር ቃል አለ። ቅዱስ ዮሴፍ በሕፃኑ ላይ አደጋ እንደ መጣ በተነገረው ጊዜ እስኪነጋ አልጠበቀም፤ በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ሄደ። የቤት አባወራ ከዚህ ሁለት ነገር ይማር፤ አንደኛው በሌሊት መነሣትን ነው፤ ሁለተኛውም ለአደጋ አለመዘግየትን ነው። ሚስቱ ካጠባች በኋላ ሕፃኑን በትከሻው ይዞ ማስገሳት፣ ጨርቁን መለወጥና ማጠብ፣ እንግዳውንም በደግ ቃል መሸኘት ከወንድነቱ የሚቀንስበት ነገር የለም።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የሚመጣ ወዳጅም ሥርዓት ይኑረው። እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሕፃኑን በፊቱ አይሳመው፤ የሚያስለውና የሚያነጥሰው ሰው ደስታውን ከደጅ ሆኖ ይናገር። ገንፎውን በልቶ ቶሎ የሚሄድ እንግዳ ለአራስ ደግ ነው፤ ዕቃ አጥቦ የሚሄድ ደግሞ ከእርሱ ይበልጣል።

እናቲቱም እንዳትረሳ። አጥሚቱና ገንፎው፣ እንቍላሉና አትክልቱ ለእርሷ ነው፤ አራስ አትጾምም፤ የንስሐ አባቷም ይህን ደጋግሞ ይንገራት። ብዙ ደም ቢፈስሳት፣ ትኵሳት ቢይዛት፣ ጽኑ የራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ቢያገኛት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ቢወጣት፣ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ትሂድ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ማልቀስና መተከዝ በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን፣ ወይም ሕፃኗን ለማየት ካልወደደች፣ ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ሰነፍ ወይም ርኵስ መንፈስ የያዛት ናት ብሎ መስደብ ኀጢአት ነው።

የሕፃኑም የአደጋ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት በልቡ ይጻፋቸው። ጡት መሳብ መተው፤ መንቀጥቀጥ፤ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጐድ፤ ከ37.5 ዲግሪ በላይ መጋል ወይም ከ35.5 በታች መቀዝቀዝ፤ ሲነኩት ብቻ እንጂ አለመንቀሳቀስ፤ የእትብቱ ዙሪያ መቅላት ወይም መግል መያዝ፤ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ መሆን፣ ወይም በማናቸውም ቀን ቢጫው እስከ መዳፉና እስከ ውስጥ እግሩ መድረስ። የጠዋት ፀሐይ ይህን ቢጫ አያድነውም። ከእነዚህ አንዱ በታየ ጊዜ ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን፣ እያጠቡና በደረት እያሞቁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ቢሆን ቀኑ ሳይሞላ እንዲጠመቅ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ ካህኑም ይጠራ። ነገር ግን ካህኑ መጠራቱ ሐኪሙን አያስቀር፤ ሐኪሙም መጠራቱ ካህኑን አያስቀር።

ሕመም ባይኖርም እናትና ልጅ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት ለጤና ሠራተኛ ሊታዩ ይገባል። ሕፃን እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የልጅነት ልምሻ ክትባት ይሰጠዋል፤ ተከታዩም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነውና፣ ወንድ ልጅ ክርስትና በተነሣ በሁለተኛው ቀን ክትባቱ ይደርሳል። ለሴት ልጅም 10ኛው ሳምንት 70 ቀን ስለ ሆነ፣ 80 ቀኗ ሲሞላ የሁለቱ ተራ ክትባት ሊፈጸምላት ይገባል። እንግዲህ የክርስትና አባትና እናት ማኅተቡን ሲያዘጋጁ የክትባቱን ወረቀት ደግሞ ቢጠይቁ፣ የተቀበሉት አደራ በነፍስም በሥጋም የተሟላ ይሆናል።

ክቡራን አባቶች ካህናት፤ የልጅ መወለድ ከዘመድ ቀጥሎ የሚነገረው ለእናንተ ነው። አባትየው የምሥራች ሊል በመጣ ጊዜ ሦስት ነገር ብትጠይቁት ብዙ ሕይወት ይድናል፤ ሕፃኑ የመጀመሪያውን ወተት ጠባን? በእትብቱ ላይ ምን ተደረገ? እናቲቱስ ታርፋለችን? ከዚህ በኋላ «ቢታመም እንዳትሸሽጉት፤ ሥርዓቱ አይከለክልም» የሚለውን አንድ ቃል ጨምሩለት። ይህን ቃል ከሐኪም አፍ ቢሰሙት የሚጠራጠሩ አያቶች ከእናንተ አፍ ሲሰሙት ይቀበሉታል።

በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ እያንዳንዱ ሰው ወደ ወገኑ የሚመለስበት ዓመት ነው። ያለፉት ሕፃናት ወደ እናቶቻቸው እቅፍ አይመለሱም፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ናቸው። የሚመጡት ግን ገና በመንገድ ላይ ናቸው። የሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ሲከበር የክርስትናው መዝገብ ተገልጦ፣ በዚህ ደብር የተወለዱት ሕፃናት ሁሉ በዚያ ተጽፈው ቢገኙ፣ ከጉልላትና ከደወል ይልቅ የሚያምር የደብር ጌጥ ይህ ይሆናል።

የሕፃናት ጠባቂ እግዚአብሔር አራሶችን በጤና ያንሣ፤ ሕፃናቱን በሞገስ ያሳድግ፤ የእመቤታችን አማላጅነት ከሁሉ ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።